ትዕግሥት ያልነው ነገር

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሬይፎርድ ታርቨር፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ዊልማስ እንደምን ናት? ያቺ ገና ሳላቅፋት ጥርስ ያወጣችው ልጅህስ? የጀርመን ብርድ ሳል አስይዞኛል ብለህ ከጻፍክ ወዲህ እማዬ «ደረቱን ይሸፍን በይው» እያለች መቆሚያ መቀመጫ አሳጥታኛለች። እባክህ ሸፍንና ገላግለኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። እማዬ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት፤ አባባም የእንጨት መሰንጠቂያው ሥራቸው ላይ ናቸው፤ እኔም ያው ሸሚዝ ፋብሪካው ውስጥ ኮሌታ ስሰፋ እውላለሁ። ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልዘጋው ስል ግን እጄ እንቢ አለኝ። ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ስለ ዶርሲ የወጣውን ጋዜጣ የጦር ሰፈሩ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ ብለኸኝ ነበር። አውርደው አልልህም። ግን ወሬ ከፖስታ ይፈጥናል፤ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው። ታናሽ ወንድማችን ፉትቦል አቁሟል። ማንም አላባረረውም፣ አልሰነፈም። ፈራ የሚልህ ሰው ካለም ቨርኒስ ውሸታም ብላሃለች በለው። ራሱ ነው ያቆመው። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ።

አንተ ወታደር ቤት ከገባህ ወዲህ ሲጫወት አላየኸውም። አንተ የምታውቀው ከቤታችን ጀርባ ሜዳው ላይ የሚመጣበትን በትከሻህ እየገፋህ መንገድ ስትከፍትለት፣ እጁን ወገብህ ላይ አድርጎ ከኋላህ ኩስ ኩስ የሚለውን ልጅ ነው። ሌላው ልጅ ኳሷ እጁ ስትገባ አቅፏት ይሮጣል። ዶርሲ ኳሷ እጁ ስትገባ ያያል። ፊቱ የተገተረውን ሰው አይደለም፤ እሱንማ መንገድ ከፋቾቹ ይወጡታል። ከዚያ ኋላ ያለውን፣ ከዚያም ወዲያ ያለውን ነው የሚያየው። የትኛው ተከላካይ በየትኛው እግሩ ላይ እንደቆመ፣ የትኛው ደክሞት እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳሳረፈ፣ የትኛው ቅድም ተታልሎ አሁን እልህ እንደያዘው ልቅም አድርጎ ያውቃል። እልኸኛውንማ ይጫወትበት ነበር። በቀኝ በኩል ትከሻውን ብቻ ያሳየዋል፣ ሰውየው ተንደርድሮ ሲመጣ እሱ በግራ ሹልክ ብሎ ሄዷል።

አምና ከሎውሪ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ስንጫወት የሆነውን ጽፌልህ ነበር? በጥቂት ነጥብ እየመራን ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ሰብሮ ወጣ። ከፊቱ የሰው ዘር የለም። የማስቆጠሪያው መስመር አፍንጫው ሥር ደርሶ፣ ኳሷን እቅፍ አድርጎ ሣሩ ላይ ጋደም አለልህ! ሬይ፣ ሰው ሊያብድ ነበር። አባባ ባርኔጣቸውን መሬት ላይ ፈጠፈጡት። ፀጉር ቆራጩ ሉሺየስ ደግሞ «ምነው፣ ትራስ እናምጣልህ እንዴ!» ብሎ ሲጮህ እስከ ወዲያኛው ማዶ ተሰማ። ለካስ ቢያስቆጥር ኳሷ ለእነሱ ትሰጣለች፣ ሰዓትም ይተርፋቸዋል። ቢተኛ ግን ኳሷም የእኛ፣ ሰዓቱም የእኛ። እነዚያ ኳሷን ሳይነኳት ጨዋታው አለቀ። በኋላ በሩጫ መሐል ይህን እንዴት አሰብከው ቢሉት «ሰዓቱን አየሁት» አለ፤ በቃ፣ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ከሁሉ በላይ ስም ያወጣለት ግን ትዕግሥቱ ነው። አገር ሙሉ ተነሥቶ ሂድ! ሂድ! ሲለው እሱ ከመንገድ ከፋቹ ጀርባ ረጋ ብሎ ይጠብቃል። ክፍተቱ ሲከፈት ያን ጊዜ ነው የሚሄደው፤ ከሄደ ደግሞ አይያዝም። እንዲህ ያለ ልጅ ሃርጊስ ከተማ ላይ በቅሎ አያውቅም ሲሉ እናቱና እህቱ ስለሆንን አልነበረም ደስ የሚለን፤ እውነት ስለነበር ነው።

ለአባባ ምን እንዳመጣላቸው ደግሞ አንተ ሳትሰማ አትቅር። የመሰንጠቂያው አለቃ፣ ያ ከአንተ በጥቂት የሚበልጥ ነጭ ልጅ፣ ሁልጊዜ በስማቸው ብቻ «ሌም» እያለ ነበር የሚጠራቸው። የዘንድሮው ጨዋታ ተጀምሮ ዶርሲ ገና ከመሮጡ «አቶ ታርቨር» አላቸው። አባባ ያን ቀን ቤት ገብተው ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ራታቸውን በሉ። እማዬም አውልቁ አላለቻቸውም። ከዚያ ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ ተጫዋች የሚመለምል ሰው መጣ። የጥሎ ማለፉን የመጀመሪያ ጨዋታ አይቼ አስፈርመዋለሁ፣ ትምህርቱም መኝታውም ምግቡም በእኛ ነው አለ። ከእኛ ቤት ኮሌጅ ደጃፍ የረገጠ ሰው የለም። አባባ ከዚያ ወዲህ ሲራመዱ እንኳ ሌላ ሰው ነበሩ።

በኦክቶበር አጋማሽ አንድ ግዙፍ ልጅ በግራ በኩል መጥቶ የራስ ቁሩን ዶርሲ ጆሮ ላይ አሳረፈበት። ወደቀ፣ ተነሣ፣ የሚሸተት ነገር አፍንጫው ሥር አደረጉለት፣ ሳቀ፣ ተመለሰ። አንተም ብትሆን ስንት ጊዜ ጆሮህ ጮኾብህ ተመልሰህ ገብተሃል። ማን ነገሬ ይበለው?

ከዚያ ቀን ወዲህ ዶርሲ ከበፊቱ ይበልጥ ይታገሥ ጀመር።

ከተማው አበደ። «ልጁ በሰለ! ድሮ እኮ በጉልበቱ ነበር፣ አሁን ልብ ገዛ!» ይላል ሉሺየስ መቀሱን እያንቋቋ። አሠልጣኝ በርደት ለጋዜጣው «እንዲህ የሚጠብቅ ሯጭ አሠልጥኜ አላውቅም» ብለው ተናገሩ፤ አንተ ግድግዳ ላይ ያለውም እሱ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሴቶቹ «ወንድምሽን ምን አብልታችሁት ነው እንዲህ የተረጋጋው?» ይሉኛል፤ እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ የእማዬን የበቆሎ ዳቦ አወድሳለሁ። ኳስ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ነው የተሳሳተው። ኳስ የማያውቅ ሰው ቢያየው ምናልባት «ይሄ ልጅ ምን ነካው፣ ምነው ደነገዘ?» ይል ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ከልምምድ ልወስደው ሄድኩ። መኪና ውስጥ ሲገባ ዝም ብሎ ወደፊት ያያል። እየነዳሁ ከረጢቱን ዘርግቼ «እንካ ለውዝ ብላ» ብለው ዝም። ኮራብኝ ብዬ «አንተ! ጌታው!» ስል ዞር አለና ከረጢቱን አፍንጫው ሥር ሲያገኘው ደነገጠ። ከዚያ ፊቱ ጭፍግግ አለ። «ቨርኒስ» አለኝ፣ «ሰው ሁሉ ታገሠ ይለኛል። እኔ እኮ እየታገሥኩ አይደለም፤ እየዘገየሁ ነው። በግራዬ ያለ ነገር እኔ ጋ ሲደርስ ውሎ አድሮ ነው።»

እኔም ቱግ አልኩበት። ባለፈው ዓርብ ሁሉንም እንደ ጎመን አልፈሃቸው የለም ወይ፣ ማንም ያላየውን አንተ ከየት አመጣኸው አልኩት። እሱም «ድሮ ምን ያህል ቀድሜ አይ እንደነበር ከእኔ በቀር ማን ያውቃል? የጎደለውንም እኔ ነኛ የማውቀው» አለኝ። ሬይ፣ መኪናውን ዳር አስይዤ አለቀስኩ። አእምሮውን እያጣ መሆኑን ያወቀው በዚያው በአእምሮው ነው።

ማታውኑ ራት ላይ ለአባባ ነገራቸው። ጨዋታው ሊደርስ ነው፣ የዩኒቨርሲቲውም ሰው ይመጣል፣ እኔ ግን አልገባም አላቸው። አባባ ሹካቸውን አስቀመጡ። «አንድ ጨዋታ፤ አንድ ብቻ ነው የምልህ። ፈርም፣ ከዚያ እንደፈለግህ ታመም» አሉት። እማዬ «የሚታመመው ልጄ ነው ወይስ ወረቀቱ?» አለች። አባባ «አንቺ አትግቢበት። ይሄ ፍርሃት ነው፤ ስም አውጥቶለት መጣ እንጂ ፍርሃት ነው» አሉ። ዶርሲን ከፍርሃት ሌላ የፈለጉትን ቢሉት ይሻለው ነበር። ሳህኑን አንሥቶ አጥቦ ተኛ። በማግስቱ ጠዋት ግን «አባባ የሰው አፍ አያምኑም፤ ዓይናቸውን ግን ያምናሉ» አለኝና አሠልጣኙ ጋ ሄደ።

ሰኞ ሰኞ የትምህርት ቤቱ ምግብ አዳራሽ ውስጥ ያለፈው ጨዋታ ፊልም እንደሚታይ ታውቃለህ። ያን ቀንም ወንዶቹ የተጠበሰ ዓሣቸውን ይዘው ተሰብስበዋል፤ አባባ እንደ ዘንድሮ ልማዳቸው ፊት ወንበር ላይ ናቸው። እኔ ዓሣ ከሚያድሉት ሴቶች ጋር ቆሜያለሁ። ያ ከተማው ሁሉ ያበደለት ረጅም ሩጫ ግድግዳው ላይ ሲመጣ እንደገና ጭብጨባ ሆነ። ያኔ ዶርሲ ከኋላ ተነሥቶ መጣና አሠልጣኙን መልሱልኝ አላቸው። መለሱለት። ግድግዳው አጠገብ ቆመ፤ ሥዕሉ ሸሚዙ ላይ ሁሉ ይሄዳል።

መጀመሪያ የሴፕቴምበሩን ፊልም በዝግታ አስኬዱለት። በጣቱ እያሳየ «ይሄ የመሐል ተከላካይ እግሩን ሲያዞር እዩት። እኔንም እዩኝ፣ አብሬው ዞሬያለሁ» አለ። ከዚያ ያለፈውን ሳምንት አስገባ። «አሁን እግሩ ዞረ። እኔን እዩኝ። ቆሜያለሁ። ገና ነኝ። ገና። ይኸው፣ አሁን ነው ያየሁት።» ከአዳራሹ ሉሺየስ ብቻ «ያው ጠበቅክ እንጂ ምን አደረግክ ታዲያ!» አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ዶርሲም «ጋሽ ሉሺየስ፣ ምኑን ነው የምጠብቀው? ክፍተቱ እኮ ያኔ ተከፍቶ ነበር» አለው። ከዚያ በግራ በኩል እየበረረ የሚመጣ አንድ ልጅ አሳየን። ማናችንም አላየነውም ነበር፤ ሁላችን ዶርሲን ነበራ የምናየው። ልጁ ሊደርስበት ሲል ሣሩ አዳልጦት ተዘረረ። «ባያዳልጠው ጆሮዬ ሥር ነበር የሚገባው» አለ ዶርሲ። «እኔ መኖሩንም ያወቅኩት ቅዳሜ ፊልሙን ሳይ ነው።»

አሠልጣኝ በርደት መብራቱን አበሩ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እያሹ «እኔ እኮ ይህን ሩጫ ለሌሎቹ ልጆች እንዲማሩበት ብዬ ነው ስመላልስ የከረምኩት» አሉ። ከዚያ ወደ አባባ ዞረው «አቶ ታርቨር፣ ልጁን አላሰልፈውም። ይቅርታ አድርጉልኝ» አሏቸው። አባባ ተነሡ። ባርኔጣቸውን ደፉ፣ ዶርሲን ሳያዩት አለፉት፣ በሩን ከፍተው ሄዱ። ዓሣቸው አልተነካም ነበር።

የምስጋና ቀን ሐሙስ ዋለ። የቱርክ ዶሮውም ነበረ፣ የስኳር ድንቹ ኬክም ነበረ፣ ማን ይብላው? አባባ እንደ ሁልጊዜው ቆመው ጸለዩ፤ እያንዳንዳችንን በስም እየጠሩ አመሰገኑ። አንተንና ዊልማን፣ ልጅህን፣ እማዬን፣ እኔን። ከዚያ አሜን አሉ። ዶርሲ ራሱን እንዳቀረቀረ ቀረ፤ ስሙን እየጠበቀ ይመስለኛል። እማዬ ጉልበቷን እያመማት ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ አፌን የያዝኩት እንዴት እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ ታውቀኛለህ።

ዓርብ ጥሎ ማለፉን ያለ እሱ ተጫወትን፤ ተሸነፍን። በአንዲት ነጥብ ነው የተሸነፍነው፤ አንጀት የሚያቆስለውም እሱ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ቢሆን ማንም አንድ ልጅ አይረግምም ነበር። የዩኒቨርሲቲው ሰው ዶርሲን በጨዋ ደንብ ጨበጠው፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፣ ለእማዬ መልካም ገና ተመኝቶላት ሄደ። ወረቀቱም አብሮት ሄደ። በራችን ላይ ጡሩምባ ይነፉ የነበሩት መኪኖች አሁን ቀጥ ብለው ያልፋሉ። ሰኞ አባባ ሥራ ሲገቡ አለቃው «ሌም» ብሎ ጠራቸው። ይህን እሳቸው አልነገሩንም፤ አብሯቸው የሚሠራው የጎረቤታችን ባል ነው የነገረኝ።

ማክሰኞ እኔና እማዬ ዶርሲን ይዘን ታይለር ከተማ ሆስፒታል ሄድን። ጭንቅላቱን በአዲሱ የራጅ መሣሪያ አነሡት። ሐኪሙ ከራስ ቅሉ ሥር ደም ቋጥሯል አለን። ቀስ ብሎ በራሱ ሊመጠጥ ይችላል፣ እየመጣ ይታያል፣ ካልሆነ ይከፈታል። ፉትቦል ግን እስከ ዕድሜ ልኩ የለም። ያ የድሮ አስተያየቱ ይመለስ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ አላውቅም አለኝ። «ለመሆኑ ይህን ማን አስተዋለው?» ብሎ ሲጠይቅ እማዬ ወደ ልጇ አመለከተች። ሐኪሙም «ሌላ ምት ቢያገኘው ኖሮ እኔ ጋ አታመጡትም ነበር» አላት። ቤት ስንገባ የተባለውን ሁሉ ለአባባ ነገርኳቸው። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ። ሐኪሙ ያለውን ድገሚልኝ ብለው ብቻ ጠየቁኝ፤ ደገምኩላቸው።

አንተን የምለምንህ ይኸውና። ዶርሲ ላንተ መጻፍ ይፈልጋል፣ ያፍራል። በጃንዋሪ ለእረፍት ስትመጣ «የዩኒቨርሲቲውን ወረቀት ላሳየው ነበር» እያለ ይቆጫል። አንተ ቅደምና ጻፍለት። ስለ ኳስ አትጻፍለት፤ አይዞህ ይመለስልሃልም አትበለው፣ የማናውቀው ነገር ነው። ስለ ልጅህ ጻፍለት፣ ስለ በረዶው፣ እዚያ ስለምትበሉት ነገር። በጃንዋሪም እንዳልከው ና።

እስከዚህ ያለውን ትናንት ነበር የጻፍኩት። ዛሬ ልዘጋው ስል ደግሞ የሆነ ነገር አለና ይህንንም ስማ።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ አባባ እንደ ልማዳቸው ቀድመው ወጡ። ታውቃለህ፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ብቻቸውን ከፊት ነው የሚሄዱት፤ እኛ ከኋላ እንንጋጋለን። ግንድ የሚጭኑት የጭነት መኪኖች የሚበሩበት መንገድ ላይ ስንደርስ ቆመው አገኘናቸው። እማዬ አለፈች፣ እኔም አለፍኩ፣ አልተንቀሳቀሱም። ዶርሲ ሲደርስ ደንግጦ ቆመ፤ ፊልሙ ከታየበት ከዚያ ሰኞ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። አባባ ዞረው በግራው በኩል መጡና ክንዱን ያዙ። «እንሂድ፤ በዚህ በኩል ያለውን እኔ አይልሃለሁ» አሉት። አብረው ተሻገሩ። ከተሻገሩም በኋላ አልለቀቁትም።

እንግዲህ ሰላምታዬን ተቀበል። ለዊልማ፣ የላክሽው ሹራብ ልክክ አለልኝ፣ እጅሽ ይባረክ በልልኝ። ልጅህን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። አብሮህ ያለውን ያን የአላባማውን ጓደኛህንም ሰላም በልልኝ። እማዬ ትስምሃለች፣ ደረትህንም አልረሳችም። ዶርሲ አጠገቤ ተቀምጦ ድንች እየላጠ ነው፤ ናፍቄሃለሁ በይው ብሎሃል። አባባ ለልጄ ሰላም በይልኝ ሲሉ የትኛው ልጅዎት ብዬ ልተርባቸው አልኩና ተውኩት፤ ደስ ብሏቸው ነበርና።

እህትህ ቨርኒስ

ሃርጊስ፣ ምሥራቅ ቴክሳስ
እሑድ፣ ዲሴምበር 4 ቀን 1977